ለጋሽ ግርማ በየነ፤ ከባቲ የተላከ ምስጋና

ይድረስ ለተከበሩ ጋሽ ግርማ በየነ፣

ይህን ደብዳቤ የምጽፍልዎት ከባቲ ነው። ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰል፣ አንቺሆዬ ብለን ቅኝቶቻችንን ስንቆጥር ስሟ የሚነሳው ከተማ ይህችው ናት፤ ከኮምቦልቻ ወደ አሰብ በሚወስደው መንገድ ላይ ያለች፣ ሰኞ ሰኞ አፋሩ፣ ኦሮሞውና አማራው ግመሉንና ፍየሉን፣ ቅቤውንና እህሉን ይዞ የሚገናኝባት። ባቲን ሳያዜም ያለፈ ዘፋኝ ጥቂት ነው። ማሪቱ ለገሰ ስታንቆረቁረው ደግሞ የአገሬ ሰው ሥራውን ያቆማል። ዜማውን መጀመሪያ ያወጣው ሰው ግን ስሙም ድምፁም የለንም። እረኛ ይሁን ነጋዴ፣ ሴት ትሁን ወንድ፣ የቱ ጋ ትንፋሽ እንደወሰደ፣ የትኛውን ቃል እንዳስረዘመ የሚነግረን የለም። እርስዎን ለማመስገን ያነሳሳኝ ይህ ጉድለት ነው።

ጉድለቱን ያወቅሁት በአክስቴ ነው። በወጣትነቷ ግጥም ታወጣ ነበር። ወንድሟ አሰብ ወደብ የጉልበት ሥራ ሄዶ በቀረ ጊዜ ሁለት ስንኝ ቋጠረችለትና በአንድ ዘመድ ሠርግ ላይ አለችው። ለሠርጉ የመጣው ዘፋኝ ሰማው፤ ወሰደው። ክረምት ሳይገባ ግጥሙ በየዳሱ ይዘፈን ጀመር። ከበሮ ገባበት፣ ጭብጨባ ገባበት፣ ፈጠነ። እኔም ልጅ ሆኜ እየጨፈርኩበት ነው ያደግሁት፤ የአክስቴ መሆኑን የሚነግረኝ ሰው አልነበረም።

አንድ ቀን ቡናው በረካ ላይ ሲደርስ ራሷ ስታንጎራጉረው ሰማኋት። ያው ስንኝ ነው፤ ግን ሌላ ነገር ነው። ዘፋኙ «ና» ብሎ ዘልሎ የሚያልፈውን ቃል እሷ «ኮቱ» ትለዋለች፤ በኦሮምኛ፣ ወንድሟን በልጅነቱ ከሜዳ ትጠራው በነበረበት አጠራር። ቃሉን ወዲያው አትለውም። ዝም ትላለች፤ ሲኒውን ታስቀምጣለች፤ ከዚያ ነው የምትጠራው። ስንት ሠርግ የጨፈርንበት ዘፈን ለቅሶ ኖሯል። በዘፋኙ አልፈርድም፤ እሱ ባይወስደው ግጥሙ ከአንዲት ጓዳ ባልወጣም ነበር። ያቺን ዝምታ ግን ከባለቤቷ በቀር ማንም አያውቃትም ነበር።

ጋሽ ግርማ፣ የእርስዎንም ድምፅ የሰማሁት እንዲሁ ዘግይቼ ነው። አምሃ እሸቴ እ.ኤ.አ. በ1969 ሸክላ ማሳተም ከጀመረ በኋላ በወጡት ዘፈኖች ውስጥ እጅዎ የት የት እንዳለ ሳውቅ ደነገጥሁ። ከ60 በላይ ዘፈኖችን አቀናብረዋል። ከአለማየሁ እሸቴ ጋር በሁለታችሁ ስም አለም-ግርማ ባንድን አቁማችኋል። አለማየሁ ያን ሁሉ ጉልበት ይዞ ሲገባ፣ ከሥሩ ፒያኖው የት ዝም እንደሚል፣ ጥሩምባው በየት በኩል እንደሚመልስለት ያሰቡት እርስዎ ነበሩ። እኛ የምናስታውሰው ድምፃዊውን ነው። በራስዎ ድምፅ በሸክላ የቀረጿቸው ዘፈኖች አራት ብቻ ናቸው። አራት! ለሌላው ያን ያህል የሰጠ ሰው ለራሱ ያስቀረው ይህን ነው።

ከዚያ እ.ኤ.አ. በ1981 ከዋልያስ ባንድ ጋር አሜሪካ ተሻግረው እዚያው ቀሩ። ዋሽንግተን ውስጥ ነዳጅ ማደያ እየሠሩ፣ ከሙዚቃ ርቀው ረጅም ዘመን ኖሩ። እኔ ያደግሁት የአሰብ መንገድ መኪኖች በሚቆሙበት ከተማ ስለሆነ ነዳጅ ቀጂን አውቃለሁ፤ የመኪናው ሬዲዮ ምን እንደሚል ሳይሰማ አያልፍም። ከአንዱ አበሻ መኪና መስኮት የራስዎ ቅንብር ሲወጣ ቀጂው ቀና ብሎ እንደሆነ እያልሁ ብዙ ጊዜ አስባለሁ።

ባለሥራው ሥራውን በራሱ ድምፅ መልሶ ማሰማቱ በሌላም አገር ታይቷል። አሬታ ፍራንክሊን እ.ኤ.አ. በ1967 ዓለምን ያስደመመችበትን ዘፈን ከጻፉት አንዷ ካሮል ኪንግ፣ እ.ኤ.አ. በ1971 «ታፔስትሪ» በተባለው አልበሟ ላይ በፒያኖና በለሰለሰ ድምፅ ራሷ አዜመችው። እሷ የጠበቀችው አራት ዓመት ነው። የእርስዎ ግን ዕድሜ ልክ ነበር።

እ.ኤ.አ. በ2017 ከፈረንሳዮቹ አካሌ ውቤዎች ጋር የሠሩት የኢትዮፒክስ 30ኛ አልበም ሲወጣ፣ ሰኞ ንጋት ላይ ገበያው ሳይሞላ በጆሮ ማዳመጫ ከፈትሁት። ርዕሱን «ሆን ተብለው የተሠሩ ስህተቶች» እንደማለት አድርገውታል። «እኔ ነኝ ባይ ማነሽ»ን በወጣትነት ድምፅዎ አውቀው ነበር። አሁን ድምፅዎ ወርዷል፤ ጠርዙ ሻክሯል። ጎረምሳው ደረቱን ነፍቶ የሚያልፈውን ቃል፣ ከ70 ዓመት በላይ የሆነው ሰው አጠገብ ላለ ሰው እንደሚያወራ ይለዋል። ቃሉ ከምቱ ጥቂት ወደ ኋላ ይቀራል፤ ባንዱ ይጠብቀዋል። ስህተት ነው እንዳልል ርዕሱ ቀድሞ መልሶልኛል። የአክስቴን ሲኒ አስታወስሁ።

ስለዚህ አመሰግንዎታለሁ። ለሰጧቸው ዘፈኖች ሌሎች አመስግነውዎት ይሆናል። እኔ የማመሰግንዎት ድምፄ አርጅቷል፣ ዘፈኑም ባለቤት አግኝቷል ብለው ሳይተውት፣ ማይክሮፎን ፊት ቆመው ሥራዎ በእርስዎ አፍ ምን እንደሚመስል ስላሰሙን ነው። የባቲን ዜማ ያወጣው ሰው ይህን ዕድል አላገኘም፤ እኛም አላገኘነውም።

ባለፈው ሰኞ ከገበያ መልስ አክስቴ ዘንድ ሄድሁ። ስልኬን ከረከቦቱ አጠገብ አስቀምጬ ያቺን ግጥም በይልኝ አልኋት። ሳቀች፤ «ይህን ደግሞ ስንት ልጅ ይዘፍነው የለም እንዴ!» አለችኝ። እምቢ አልሁ። ሁለት ጊዜ ጀምራ ተወችው። በሦስተኛው እስከ መጨረሻው አለችው፤ «ኮቱ» ላይ ስትደርስ ከውጭ የግመል ጩኸት ገብቶበታል፤ አላጠፋሁትም። ቅጂውን በስሟ አስቀምጬዋለሁ።

አክባሪዎ፣
ከባቲ