ሃይሊ ጉቢ ያስነሣው ጥያቄ፦ እሳተ ገሞራ እንዴት ይፈጠራል? በምን ይለያያል? ኅብረተሰቡስ ምን ማወቅ ይገባዋል?

እሑድ ኅዳር 14 ቀን 2018 ዓ.ም. ረፋድ ላይ በአፋር ክልል ከኤርታሌ በስተ ደቡብ ምሥራቅ የሚገኘው የሃይሊ ጉቢ እሳተ ገሞራ ፈነዳ። ከአፉ የወጣው የአመድና የጋዝ ዓምድ ወደ 14 ኪሎ ሜትር ከፍታ ደረሰ። በላይኛው አየር ነፋስ እየተገፋም ቀይ ባሕርን ተሻግሮ በየመንና በኦማን ሰማይ ላይ ካለፈ በኋላ ወደ ፓኪስታንና ወደ ሰሜን ሕንድ ዘለቀ። በዚህም ምክንያት በሕንድ አንዳንድ በረራዎች ተሰርዘዋል፤ ሌሎቹም መሥመራቸውን ለመቀየር ተገደዋል።

ዓለም አቀፉ ዜና በአብዛኛው ያተኮረው በአውሮፕላኖቹ ላይ ነበር። በአፍዴራና በአካባቢው ለሚኖረው አርብቶ አደር ግን ጉዳዩ ከዚህ የቀረበ ነው። በሰው ሕይወት ላይ የደረሰ ጉዳት አለመኖሩ ቢገለጽም፣ መንደሮች በአመድ ተሸፍነዋል፤ የግጦሽ መሬትም በአመድ ተውጦ እንስሳት የሚበሉት አጥተዋል። ሀብቱ በሙሉ በፍየሎቹና በግመሎቹ ላይ ለተመሠረተ ቤተሰብ፣ የሰው ሕይወት ያላለፈበት ፍንዳታ ጉዳት ያላደረሰ ፍንዳታ ማለት አይደለም።

ክስተቱ ሦስት ጥያቄዎችን አስነሥቷል። እሳተ ገሞራ በአፋር ለምን ይበዛል? አንዱ በዝግታ ሲፈስ ሌላው ለምን በኃይል ይፈነዳል? ለሺህ ዓመታት ዝም ያለ ተራራ በድንገት የሚነሣ ከሆነስ ዝግጅት ማድረግ የሚቻለው እንዴት ነው?

ምድር የምትለያይበት ስፍራ

የምድር የላይኛው ቅርፊት አንድ ወጥ አይደለም። ቴክቶኒክ ፕሌት በሚባሉ ግዙፍ ሰሌዳዎች የተከፋፈለ ሲሆን፣ ሰሌዳዎቹም በዓመት በሚሊ ሜትርና በሴንቲ ሜትር በሚለካ ፍጥነት ይንቀሳቀሳሉ። አፋር የዐረብ፣ የኑቢያና የሶማሊያ ሰሌዳዎች እርስ በርሳቸው የሚራራቁበት መገናኛ ነው። የቀይ ባሕር፣ የኤደን ባሕረ ሰላጤና የታላቁ ስምጥ ሸለቆ ስንጥቆችም የሚገናኙት በዚሁ ስፍራ ነው።

ቅርፊቱ ሲሳሳና ሲለጠጥ ከሥሩ ያለው እጅግ የጋለ አለት ወደ ላይ ይገፋል። ይህ አለት በጥልቁ ሳለ ጠጣር ሆኖ የሚቆየው ከላይ በተጫነው ክብደት ምክንያት ነው። ወደ ላይ በቀረበ ቁጥር ግፊቱ ስለሚቀንስ፣ ተጨማሪ ሙቀት ሳያስፈልገው በከፊል መቅለጥ ይጀምራል። ማግማ የሚባለው ይህ ቅልጥ አለት ነው። ማግማ በዙሪያው ካለው ጠጣር አለት ስለሚቀል ሽቅብ ይወጣል፤ በመንገዱም በከርሰ ምድር ጎድጓዶችና ስንጥቆች ውስጥ ይጠራቀማል። እሳተ ገሞራ ተፈጠረ የሚባለው ይህ ቅልጥ አለት ወይም ከእርሱ የሚለይ ጋዝ ወደ ገጸ ምድር የሚወጣበትን መንገድ ሲያገኝ ነው።

ይህ ሂደት በኢትዮጵያ በዓይን የታየበት አጋጣሚ ሩቅ አይደለም። በመስከረም 1998 ዓ.ም. በአፋር ዳባሁ አካባቢ ማግማ በከርሰ ምድር ስንጥቅ ውስጥ ተሰራጭቶ 60 ኪሎ ሜትር ያህል ርዝመት ያለውን መሬት በጥቂት ቀናት ውስጥ ከፍሎታል። በአንዳንድ ቦታ የተከፈተው ስፋት እስከ 8 ሜትር ይደርስ ነበር። በዓመታት ዝግታ የተጠራቀመው የሰሌዳዎች መራራቅ በአንድ ጊዜ የተለቀቀበት ክስተት በመሆኑ፣ ከዚያን ጊዜ ወዲህ አፋር የዓለም የሥነ ምድር ተመራማሪዎች መሰብሰቢያ ሆናለች።

የሚፈሰውና የሚፈነዳው

የፍንዳታን ባሕርይ በዋናነት የሚወስኑት ሁለት ነገሮች ናቸው። የመጀመሪያው የማግማው ውፍረት ነው። ሲሊካ የሚባለው ማዕድን ያነሰበት የባዛልት ማግማ ቀጭንና በጣም የጋለ ስለሆነ በቀላሉ ይፈሳል። ሲሊካ የበዛበት ግን እንደ ወፍራም ሙጫ ይጓተታል። ሁለተኛው ጋዝ ነው። በማግማው ውስጥ የውሃ እንፋሎት፣ ካርቦን ዳይኦክሳይድና የድኝ ጋዞች በግፊት ታምቀው ይገኛሉ። ማግማው ወደ ገጸ ምድር ሲቀርብ ጋዙ አረፋ ሆኖ ይለያል። ይህም ተናውጦ ቆርኪው ከተነሣ የለስላሳ መጠጥ ጠርሙስ ጋር ይመሳሰላል።

ቀጭኑ ማግማ ጋዙን በቀላሉ ስለሚለቅ ላቫው ብዙ ጊዜ እየፈሰሰ ይወጣል። ወፍራሙ ግን ጋዙን አፍኖ ይይዝና ግፊቱ ከአቅም በላይ ሲሆን አለቱን ሰባብሮ ይወረውረዋል። የእሳተ ገሞራ አመድ ከእንጨት አመድ የሚለየውም በዚህ ነው። እርሱ የተቃጠለ ነገር ቅሪት ሳይሆን የደቀቀ አለትና ብርጭቆ ነው። ወደ አውሮፕላን ሞተር ሲገባ ቀልጦ የሚጣበቀውም ስለዚህ ነው። እ.ኤ.አ. በ1982 በኢንዶኔዥያ ሰማይ ላይ በአመድ ደመና ውስጥ ያለፈ የመንገደኞች አውሮፕላን አራቱም ሞተሮቹ ጠፍተውበት፣ ወደ ታች ከወረደ በኋላ መልሶ አስነሥቶ ያረፈበት አጋጣሚ ለአቪዬሽን ዘርፍ ትልቅ ትምህርት ሆኗል።

ሦስተኛም ምክንያት አለ። የጋለ ማግማ ከከርሰ ምድር ውሃ ወይም ከሐይቅ ጋር ሲገናኝ ውሃው በቅጽበት ወደ እንፋሎት ተለውጦ ይፈነዳል። በዚህ ጊዜ ቀጭኑ ማግማም ቢሆን አደገኛ ይሆናል።

በኢትዮጵያ የሚታዩ ዓይነቶች

የእሳተ ገሞራ ዓይነቶችን ለማየት ዜጎች ሩቅ አገር መሄድ አያስፈልጋቸውም። ጋሻ መሰል የሚባለው ዓይነት ቀጭን ላቫ ተደራርቦ የሚሠራው፣ ዙሪያው ሰፊና ቁልቁለቱ ለዘብ ያለ ተራራ ነው። በአናቱ ላይ በሚንተከተክ የላቫ ሐይቁ በዓለም የታወቀው ኤርታሌ ዋነኛው ምሳሌ ነው።

ሾጣጣው እሳተ ገሞራ ላቫና አመድ እየተፈራረቁ የሚገነቡት ነው። በአናቱ ሐይቅና ጥንታዊ ገዳም የሚገኝበት ዝቋላ ከስምጥ ሸለቆው ዳር ብቻውን ጎልቶ የሚታይ የቆየ የእሳተ ገሞራ ተራራ ነው። ካልዴራ የሚባለው ደግሞ ከፍተኛ መጠን ያለው ማግማ ከወጣ በኋላ የተራራው አናት ወደ ውስጥ ሲደረመስ የሚፈጠር ሰፊ ጎድጓዳ ነው። ወንጪ ሐይቁን ያቀፈው በእንዲህ ዓይነቱ ጎድጓዳ ውስጥ ሲሆን፣ ፈንታሌም በአናቱ ካልዴራ አለው።

የቢሾፍቱ ሐይቆች ማግማና ውሃ ተገናኝተው በፈጠሩት ፍንዳታ የተቦረቦሩ ጉድጓዶች ናቸው። ዛሬ የመዝናኛና የአምልኮ ስፍራ የሆነው ሆራ አርሰዲም የተፈጠረው በዚሁ መንገድ ነው። በመጨረሻም ላቫ ከተራራ ሳይሆን ከረጅም የመሬት ስንጥቅ የሚወጣበት ዓይነት አለ። የኢትዮጵያ ከፍተኛ ቦታዎች ከ30 ሚሊዮን ዓመታት ገደማ በፊት በዚህ መልክ በፈሰሰ ላቫ ንብርብር የተሸፈኑ ናቸው። የደገኛው ገበሬ የሚያርሰው ጥቁር አፈርም በአብዛኛው የዚያ ባዛልት ውጤት ነው።

ይሁን እንጂ የተራራው ቅርጽ ብቻውን መተማመኛ አይሆንም። ሃይሊ ጉቢ የሚመደበው ከጋሻ መሰሎቹ ጋር ነው። ኅዳር 14 ቀን የታየው ግን ረጋ ያለ የላቫ ፍሰት ሳይሆን ከፍተኛ የአመድ ፍንዳታ ነበር።

ዝምታ ዋስትና አይደለም

ሃይሊ ጉቢ ባለፉት 12 ሺህ ዓመታት ገደማ ስለ መፈንዳቱ የሚታወቅ መረጃ አልነበረም። በሰኔ 2003 ዓ.ም. በኤርትራ ግዛት ከኢትዮጵያ ድንበር አቅራቢያ የፈነዳው ናብሮም እንዲሁ በታሪክ የተመዘገበ ፍንዳታ ያልነበረው ተራራ ሲሆን፣ በፍንዳታው የሰው ሕይወት አልፏል። የሁለቱም ትምህርት አንድ ነው። በሩቅና ሰው በጥቂቱ በሚኖርበት በረሃ «ፈንድቶ አያውቅም» ማለት ብዙ ጊዜ «አልተመዘገበም» ማለት ነው።

ምልክት አልነበረም ማለት ግን አይደለም። በሐምሌ 2017 ዓ.ም. ኤርታሌ በፈነዳበት ወቅት ማግማ በከርሰ ምድር ወደ ደቡብ ምሥራቅ፣ ወደ ሃይሊ ጉቢ አቅጣጫ መጓዙን የሳተላይት ልኬቶች አሳይተዋል። ምልክቱ ከጠፈር ታይቷል። ምልክትን ወደ ማስጠንቀቂያ፣ ማስጠንቀቂያን ደግሞ በመንደር ደረጃ ወደሚወሰድ እርምጃ መለወጥ ግን ሌላ ሥራ ይጠይቃል።

በተቃራኒው በ2017 ዓ.ም. በአዋሽ፣ በፈንታሌና በዶፈን አካባቢ ለወራት የዘለቀ የመሬት መንቀጥቀጥ ነበር። የካቲት 7 ቀን የተመዘገበው በሬክተር ስኬል 6 ያህል ደርሷል። ቤቶችና መንገዶች ተሰነጣጥቀዋል፤ በዶፈን አዲስ የእንፋሎት መውጫ ተከፍቷል፤ በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ነዋሪዎችም ከቀያቸው ተነሥተዋል። ሆኖም ማግማው በከርሰ ምድር ቀርቷል። የተነሣው ሕዝብ «በከንቱ ተንገላታን» ቢል አይፈረድበትም፤ መፈናቀል ራሱ ጉዳት ነውና። ነገር ግን መሬት ሲንቀጠቀጥና ሲሰነጠቅ ማግማው ይወጣ ወይም አይወጣ እንደሆነ በእርግጠኝነት አስቀድሞ የሚናገር መሣሪያ የለም።

ውሳኔ ሲዘገይ የሚከፈለውን ዋጋ የኮሎምቢያው ኔቫዶ ዴል ሩይዝ አሳይቷል። እ.ኤ.አ. በኅዳር 1985 የተከሰተው ፍንዳታ መጠኑ ከፍተኛ አልነበረም። ነገር ግን የተራራውን በረዶ አቅልጦ ያስነሣው የጭቃ ጎርፍ አርሜሮ የተባለችውን ከተማ ቀበራት፤ ከ20 ሺህ በላይ ሰዎችም አለቁ። አደጋው የሚያሰጋቸውን አካባቢዎች የሚያሳይ ካርታ አስቀድሞ ተዘጋጅቶ ነበር፤ ሕዝቡ ግን በጊዜው አልተነሣም። ከስድስት ዓመት በኋላ በፊሊፒንስ ፒናቱቦ ከዚያ እጅግ በበለጠ ኃይል ሲፈነዳ፣ በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ቀድመው እንዲወጡ በመደረጉ ብዙ ሕይወት ተርፏል። ልዩነቱን የፈጠረው የተራራው ኃይል ሳይሆን፣ ከባለሙያው ወደ አስተዳዳሪው፣ ከአስተዳዳሪው ወደ ነዋሪው የሄደው መረጃ ነው።

ኅብረተሰቡ ሊያውቃቸው የሚገቡ ነጥቦች

በእሳተ ገሞራ አቅራቢያ የሚኖር ሕዝብ ከማንኛውም መሣሪያ ቀድሞ ለውጥን የማየት ዕድል አለው። ተደጋጋሚ የመሬት መንቀጥቀጥ፣ አዲስ የመሬት ስንጥቅ፣ ያልነበረ እንፋሎት፣ የፍል ውሃ ሙቀት ወይም ቀለም መለወጥ፣ የበረታ የድኝ ሽታ፣ ያለ ምክንያት የደረቀ ዕፅዋት ከታየ ሳይዘገዩ ለቀበሌ ወይም ለወረዳ አስተዳደር ማሳወቅ ይገባል። አንድ ምልክት ብቻውን ፍንዳታ ይመጣል ማለት አይደለም፤ ለባለሙያ ግን ጠቃሚ መነሻ ነው።

አመድ በሚወርድበት ጊዜ የሚከተሉትን ማድረግ ጉዳትን ይቀንሳል፦

• በተቻለ መጠን ከቤት አለመውጣት፤ መውጣት ግድ ከሆነ አፍና አፍንጫን በጭምብል ወይም በጨርቅ መሸፈን፣ ዓይንን መከላከል። ሕፃናት፣ አረጋውያንና የአስም ሕመምተኞች የበለጠ ጥንቃቄ ያስፈልጋቸዋል።

• የመጠጥ ውሃ ዕቃዎችን፣ የውሃ ጉድጓዶችንና ማጠራቀሚያዎችን መክደን፤ የጣራ ውሃ የሚሰበስቡ ቤተሰቦችም ቧንቧውን ከማጠራቀሚያው መለየት።

• እንስሳትን አመድ ከወደቀበት ግጦሽ ማራቅና ንጹሕ ውሃና መኖ መስጠት። አመድ ጥርስንና ሆድን ከመጉዳቱ በላይ እንደ ፍሎሪን ያሉ መርዛማ ንጥረ ነገሮችን ሊይዝ ይችላል።

• በጣራ ላይ የተከመረ አመድን ዝናብ ሳያርሰው በጥንቃቄ መጥረግ። እርጥብ አመድ ክብደቱ ስለሚጨምር ጣራ ሊያፈርስ ይችላል።

• በሸለቆና በጎድጓዳ ቦታ አለመጠለል። ካርቦን ዳይኦክሳይድ ከአየር ስለሚከብድ በዝቅተኛ ስፍራ ይተኛል፤ ሽታም ሆነ ቀለም የለውም።

• የጎብኚ አስጎብኚዎችና የጨው ነጋዴዎች ወደ ዳናክል ከመጓዛቸው በፊት ከአካባቢው አስተዳደር ወቅታዊ መረጃ መጠየቅ።

ያልተረጋገጠ ወሬ በማኅበራዊ ሚዲያ ማሰራጨት ሰውን ያለ ጊዜው ከማሸበሩም በላይ እውነተኛ ማስጠንቀቂያ ሲመጣ እንዳይታመን ያደርጋል። የእሳተ ገሞራና የመሬት መንቀጥቀጥ ሙያዊ መረጃ የሚመነጨው ከኢትዮጵያ ጂኦሎጂካል ኢንስቲትዩትና ከአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የጂኦፊዚክስ ተመራማሪዎች ሲሆን፣ የአደጋ ምላሽን የማስተባበር ኃላፊነት ደግሞ የአደጋ ስጋት ሥራ አመራር ኮሚሽንና በየደረጃው ያሉ የክልል መዋቅሮች ነው።

ከተራራው ጋር መኖር

እሳተ ገሞራ የሚያመጣው ጉዳት ብቻ አይደለም። ከሥሩ ያለው ሙቀት በአሉቶ ላንጋኖ በሙከራ ደረጃ ኤሌክትሪክ እንዳመነጨው ሁሉ፣ በስምጥ ሸለቆው ለታሰበው የጂኦተርማል ልማት መሠረት ነው። ለም አፈር፣ ፍል ውሃና የቱሪስት መስሕብም ከዚሁ ምንጭ የተገኙ ናቸው። ስለዚህ ጥያቄው ሕዝቡ ከእነዚህ ተራሮች ይራቅ ወይም ይቅረብ የሚል ሳይሆን፣ እያወቀ አብሮ እንዲኖር ምን ይሟላለት የሚል ነው።

የመልሱ አንዱ ክፍል በመሣሪያ የሚገኝ ነው፤ በሩቅ ተራሮች ላይ ጭምር ቋሚ የመንቀጥቀጥ መለኪያና የሳተላይት ክትትል ያስፈልጋል። ሌላው ክፍል ግን ከመሣሪያ ውጭ ነው። ማስጠንቀቂያው አርብቶ አደሩ በሚሰማው ቋንቋ፣ በሽማግሌዎቹና በጎሣ መሪዎቹ በኩል፣ በጊዜው መድረስ አለበት። ከፍንዳታ በኋላ የሚሰጠው ድጋፍም በሞቱ ሰዎች ቁጥር ብቻ ሊለካ አይገባውም። አመዱ በነፋስ ተጠርጎ፣ አውሮፕላኖቹም ወደ መሥመራቸው ከተመለሱ በኋላ፣ መኖ ያጣች ፍየል የአንድ ቤተሰብ የነገ ወተትና የነገ ገበያ መሆኗ ሊዘነጋ አይገባም።