ስለ ሁለት ልሳን ትምህርት ቤት

በቅሎ የሚገዛ ሰው ገበያ በወጣ ጊዜ ጥርሷን ገልጦ ያያል፤ ሰኮናዋን ይመረምራል፤ ከማን ቤት እንደ ወጣችና ስለ ምን እንደምትሸጥ ይጠይቃል፤ ጥቂትም ሳያስኬዳት ገንዘቡን አይቈጥርም። ይኸው ሰው ልጁን ለትምህርት ቤት በሚሰጥበት ቀን ግን በደጃፉ የተሰቀለውን ጽሕፈት አንብቦ፥ የክፍያውን ብዛት ሰምቶ፥ ጎረቤቱም ልጁን የት እንዳስገባ ጠይቆ ነገሩን ይቈርጣል። ለበቅሎዋ የተደረገው ምርመራ ለልጁ ሳይደረግ ቀረ ማለት ነው።

በአዲስ አበባ ከተማ ዛሬ ብዙ የግል ትምህርት ቤቶች «ኢንተርናሽናል» የሚል ስም በደጃፋቸው ጽፈዋል። ከነዚህም መካከል ተማሪዎቻቸው ጥቂት የሆኑ፥ በሁለት ቋንቋ እናስተምራለን የሚሉ ትናንሽ ቤቶች አሉ። ለሕፃን ልጅ ትንሽና በእውነት ሁለት ልሳን የሆነ ትምህርት ቤት መምረጥ መልካም ነገር ነው። ዳሩ ግን ሁለት ልሳን ነኝ ያለ ሁሉ ሁለት ልሳን አይደለም። አንዳንዱ ቤት በልጁ ቋንቋ ላይ ሌላ ቋንቋ የሚጨምር ሳይሆን የልጁን ቋንቋ በሌላ የሚለውጥ ነው። መጨመርና መለወጥ ግን እጅግ የተራራቀ ነገር ነው፤ ወላጅም ክፍያውን ከመክፈሉ በፊት ከሁለቱ የትኛውን እንደሚገዛ ማወቅ ይገባዋል።

ይህን የሚናገር ሰው የውጭ ቋንቋ ጠላት ነው የሚል ቢነሣ ታሪኩን ይመልከት። በ1900 ዓ.ም. ዳግማዊ ምኒልክ በስማቸው የሚጠራውን ትምህርት ቤት ባቋቋሙ ጊዜ፥ የውጭ ትምህርት ሃይማኖትን ያፈርሳል የሚል ተቃውሞ ከካህናቱ ወገን ተነሥቶ ነበር። ንጉሠ ነገሥቱም መምህራኑን ከግብፅ ክርስቲያኖች ወገን አስመጥተው ክርክሩን አበረዱት። በ1917 ዓ.ም. ደግሞ የተፈሪ መኰንን ትምህርት ቤት ተከፈተ። ከነዚህ ቤቶች የወጡ ብዙ ሰዎች አገራቸውን በሹመትም በዕውቀትም አገለገሉ፤ ሃይማኖትም በፈረንሳይኛና በእንግሊዝኛ ሰዋስው አልፈረሰም። ነጋድራስ ገብረ ሕይወት ባይከዳኝ በልጅነታቸው ባሕር ተሻግረው በጀርመን ቋንቋ ተማሩ፤ የተማሩትን ግን ለአገራቸው ሰው በአማርኛ ጻፉት። ከሞቱ በኋላ በ1916 ዓ.ም. የታተመው «መንግሥትና የሕዝብ አስተዳደር» የሚባለው መጽሐፋቸው እስከ ዛሬ ይነበባል። በአማርኛ ባይጽፉት ኖሮ ያ ሁሉ ትምህርት ለአገራቸው ሰው ከርሳቸው ጋር በተቀበረ ነበር።

ይልቁንም የቤተ ክህነት ሰው የሁለት ልሳንን ትምህርት እንደ እንግዳ ነገር ሊቈጥረው አይገባም፤ የራሱ ትምህርት ከጥንት ጀምሮ ሁለት ልሳን ነውና። በቅኔ ቤት ደቀ መዝሙሩ ቅኔውን በግዕዝ ይቈጥራል፤ መምህሩም በአማርኛ ያርመዋል፤ ምሥጢሩንም በአማርኛ ይነግረዋል። በመጻሕፍት ቤት ንባቡ ግዕዝ ነው፤ ትርጓሜው «አንድም» እየተባለ በአማርኛ ይወርዳል። ግዕዙ አማርኛውን አይንቅም፤ አማርኛውም ግዕዙን አይሽርም፤ ለየራሳቸው ሥራ አላቸው። መምህሩ ሁለቱን ያውቃል፤ ተማሪውም በአንዱ ስለ ተናገረ አይቀጣም። ትርጓሜ ሳይደርስ የቀረ ተማሪ ግን ዳዊቱን በቃሉ ይዘልቀዋል እንጂ የሚለውን አያውቀውም። ይህ የአሮጌው ትምህርት ጕድለት ነው እየተባለ ሲነቀፍ ኖሯል፤ ነቀፋውም እውነት አለበት። እንግዲያስ የአምስት ዓመት ልጅ ትርጕሙን የማያውቀውን የእንግሊዝኛ መዝሙር በቃሉ ሲወጣው ወላጆቹ የሚያጨበጭቡለት በምን ምክንያት ነው? ያ ድንቍርና ከተባለ ይህ ሥልጣኔ ሊባል አይችልም።

የሐሰተኛው ሁለት ልሳን ቤት ምልክቱ ብዙ ነው። አማርኛ በሳምንት ጥቂት ሰዓት ብቻ፥ ያውም ልጆቹ ከደከሙ በኋላ ይሰጣል። ሒሳቡም፥ የተፈጥሮ ትምህርቱም፥ የዓለም ታሪኩም በውጭ ቋንቋ ሲሆን፥ ለአማርኛ የሚተርፈው ተረትና የፊደል ገበታ ነው። በመጫወቻው ሜዳ አማርኛ የተናገረ ልጅ ይገሠጻል፤ አንዳንዴም ይቀጣል። ልጁም ማንም በቃል ሳያስተምረው አንድ ትምህርት ይማራል፤ ይኸውም የእናቱ ቋንቋ የሚያሳፍር መሆኑን ነው።

የዚህ ፍሬ የሚታየው በፈተና ወረቀት ሳይሆን በቤት ውስጥ ነው። አንዲት አያት ለፋሲካ በዓል ከመንዝ ወደ ከተማ፥ ወደ ልጃቸው ቤት ይመጣሉ፤ ለልጅ ልጃቸው ብለው ያቈዩትን ማርና ቆሎ ይዘዋል። ልጁን አቅፈው ስመው፥ «ደኅና ነህ ወይ፥ የኔ ጌታ? ምን ምን ተማርህ?» ብለው ይጠይቁታል። ስምንት ዓመት የሞላው ልጅ ወደ እናቱ ዞሮ በእንግሊዝኛ ይመልሳል። እናቲቱም በመሳቅ፥ «አማርኛ እምብዛም አይችልም እኮ፥ እማዬ፤ ትምህርት ቤቱ እንግሊዝኛ ነው» ትላለች፤ በድምፅዋም ኵራት አለበት። አሮጊቷ የልጃቸውን ልብ እንዳይሰብሩ ፈገግ ይላሉ። ስለ ልጁ ቅድመ አያት፥ ስለ ጦርነቱና ስለ ረኃቡ፥ ስለ ርስቱና ስለ ደብሩ ሊነግሩት ያሰቡትን ግን ይዘውት ወደ መንዝ ይመለሳሉ። ከርሳቸው በኋላ ያንን የሚነግረው ሰው የለም።

እንዲህ ያለ ነገር አስቀድሞ በአገሩ ታሪክ ታይቷል። ሐኪም ወርቅነህ እሸቴ በ1860 ዓ.ም. መቅደላ በወደቀ ጊዜ ገና ሕፃን ሳሉ በእንግሊዝ መኰንን እጅ ተወስደው በሕንድ አገር አደጉ፤ ቻርልስ ማርቲን ተብለውም ሐኪም ሆኑ። ከዐድዋ ድል በኋላ ወደ አገራቸው በተመለሱ ጊዜ አማርኛው ጠፍቶባቸው ነበር፤ አያታቸውም የለዩአቸው በአካላቸው ላይ በነበረ ጠባሳ እንጂ በንግግር አልነበረም። እኒህ ታላቅ ሰው ቋንቋቸውን እንደ ገና ተምረው፥ የተፈሪ መኰንን ትምህርት ቤት ኀላፊ፥ በለንደንም የኢትዮጵያ መልእክተኛ እስከ መሆን ደረሱ። ቋንቋቸውን የነጠቃቸው ጦርነት ነው፤ ማንም ሊወቅሳቸው አይችልም። የዛሬውን ልጅ ቋንቋውን የሚያስጥለው ግን የገዛ አባቱ በየወሩ የሚከፍለው ገንዘብ ነው።

በዚህ ነገር የሚከራከሩ ሰዎች ሦስት መልስ ያቀርባሉ። የመጀመሪያው፥ «አማርኛውን በቤቱ ይማረዋል» የሚል ነው። በቤት የሚገኘው አማርኛ ግን የማዕድና የእልፍኝ አማርኛ ነው። ውል ለማንበብ፥ ለዳኛ አቤቱታ ለመጻፍ፥ ጋዜጣ ለመረዳት፥ የታመመን ሰው ስለ በሽታው ለመጠየቅ አይበቃም። ሠላሳ ሦስቱ ፊደላት በሰባት በሰባት ሆነው 231 ናቸው፤ ይህም በመስማት ብቻ አይገኝም። ደግሞም ይህን መልስ የሚሰጡ ብዙ ወላጆች ልጁ እንዲለምድ ብለው በቤታቸውም በተሰባበረ እንግሊዝኛ ያናግሩታል። ትምህርት ቤቱ ለቤቱ፥ ቤቱም ለትምህርት ቤቱ የተወው ቋንቋ ከየት ይመጣል?

ሁለተኛው መልስ፥ «ኋላ በከፍተኛው ትምህርት ሁሉ ነገር በእንግሊዝኛ ስለ ሆነ ከሕፃንነቱ ይጀምር» የሚል ነው። እንግሊዝኛ የሚያስፈልግ መሆኑን የሚክድ የለም። ነገር ግን መፈለጉ አንድ ነገር ነው፤ በምን ሥርዐት እንደሚገኝ ሌላ ነገር ነው። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ እንግሊዝኛ ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ እንደ አንድ ትምህርት እንዲሰጥ፥ የመጀመሪያው ደረጃ ትምህርት ግን በአፍ መፍቻ ቋንቋ እንዲሆን ደንግጎ ነበር። በአውሮፓ አቆጣጠር በ1953 ዩኔስኮ ሕፃን ልጅ ትምህርቱን በአፍ መፍቻ ቋንቋው ቢጀምር የተሻለ መሆኑን መስክሯል። በዚያው ዓመት በሉክሰምበርግ የተለያዩ የአውሮፓ መንግሥታት ሠራተኞች ለልጆቻቸው ትምህርት ቤት በከፈቱ ጊዜ፥ እያንዳንዱ ልጅ በእናቱ ቋንቋ እንዲማርና ሁለተኛ ቋንቋ ከመጀመሪያው ክፍል ጀምሮ እንዲጨመርለት አደረጉ። አውሮፓውያን ለገዛ ልጆቻቸው የመረጡት ይህን ነው፤ በአዲስ አበባ በነርሱ ስም የሚሸጠው ግን ብዙ ጊዜ ይህ አይደለም።

በ1965 በካናዳ አገር፥ በሞንትሪያል አጠገብ ባለችው በሴንት ላምበርት እንግሊዝኛ ተናጋሪ ሕፃናት ትምህርታቸውን በፈረንሳይኛ ጀምረው እንግሊዝኛቸው ሳይጐዳ ቀረ፤ ይህም ብዙ ጊዜ በማስረጃነት ይጠቀሳል። ማስረጃነቱ እውነት ነው። ነገር ግን የነዚያ ሕፃናት እንግሊዝኛ በቤትም፥ በገበያም፥ በመጽሐፍም የከበረ ቋንቋ ነበር፤ ትምህርት ቤቱም ከጥቂት ዓመት በኋላ መልሶ ያስተምራቸው ነበር። የእናታቸው ቋንቋ የሚያሳፍር ነው ያላቸው ማንም አልነበረም። የሚጠቅሷቸው ሰዎች ይህን ክፍል ይዘሉታል። በሬው ሣሩን አይቶ ገደሉን አላየም እንደ ተባለው ነው።

ሦስተኛው መልስ፥ «ትንሽ ትምህርት ቤት ድኻ ነው፤ ስምና ዕቃ ያለው ትልቁ ነው» የሚል ነው። ሕፃን ልጅ ግን ከዕቃ ይልቅ የሚያውቀው መምህር ያስፈልገዋል። ዐሥራ አምስት ልጅ ያለበት ክፍል መምህር የማን አንደበት እንደ ታሰረ፥ ማን በየትኛው ቋንቋ እንደ ሰነፈ በስም ያውቃል፤ በሁለት ቋንቋ ለሚማር ልጅ ይህ ዋናው ነገር ነው። በ1924 በጄኔቫ ከተማ ለዓለም መንግሥታት ማኅበር ሠራተኞች ልጆች የተከፈተው የሁለት ቋንቋ ትምህርት ቤት ሥራውን የጀመረው በጥቂት ልጆች ነው። ይሁን እንጂ ትንሽነት ብቻውን ምስጋና የለውም። አንድ መምህር በዓመቱ እኩሌታ ቢሄድ ትንሹ ቤት ይናጋል፤ ባለቤቱም ቢከስር በሩ ይዘጋል። ስለዚህ ትንሹን የሚመርጥ ሰው ከሌላው ይልቅ አጥብቆ መጠየቅ አለበት።

የሚጠይቀውም ይህ ነው። በሳምንት ስንት ሰዓት በአማርኛ፥ የትኛውስ ትምህርት በአማርኛ እንደሚሰጥ ይጠይቅ፤ ተረት ብቻ ከሆነ ያ ቤት አንድ ልሳን ነው። የአማርኛው መምህር ደመወዝ ከውጭ አገሩ መምህር ጋራ ምን ያህል እንደሚራራቅ፥ በመምህራንም ጉባኤ ቃሉ ይሰማ እንደ ሆነ ይጠይቅ፤ ልጆች የመምህራቸውን ክብር አይተው የቋንቋውን ክብር ይመዝናሉና። ባለፉት ሁለት ዓመታት ስንት መምህራን እንደ ሄዱ ይጠይቅ። በመጫወቻው ሜዳ ቆሞ ያድምጥ። አንድ የአራተኛ ክፍል ልጅ አስጠርቶ፥ አንድ ደብዳቤ በአማርኛ፥ አንድ ደብዳቤ በእንግሊዝኛ ፊቱ ያስጽፈው፤ ከማንኛውም ምስክር ወረቀት ይልቅ ይህ እውነቱን ይነግረዋል። ልጁ ከዚያ ቢወጣ በመንግሥት ትምህርት ቤት ወይም በውጭ አገር የሚቀበለው ማን እንደ ሆነ፥ ክፍያውም በብር ይሁን በዶላር አስቀድሞ ይረዳ። የልጁ እናት ቋንቋ ኦሮምኛ ወይም ትግርኛ ወይም ሌላ ከሆነ ደግሞ ጥያቄው ይበዛል እንጂ አያንስም፤ ያ ልጅ ሦስት ቋንቋ ሊሸከም ነውና፥ የመጀመሪያው እንዳይወድቅበት የሚያስብ ሰው ሊኖረው ይገባል።

በዋሽንግተን አካባቢ የሚኖሩ ኢትዮጵያውያን ሳምንቱን ሙሉ ሠርተው ደክመው፥ በዕረፍታቸው ቀን ልጆቻቸውን ፊደል ለማስቈጠር ወደ ቤተ ክርስቲያን ይወስዳሉ። ልጆቹ የተወለዱት እንግሊዝኛ በሚነገርበት አገር ስለ ሆነ፥ ወላጆቹ የቀረውን ለማትረፍ ይታገላሉ። በአዲስ አበባ ያለ አባት ግን እነርሱ በድካም የሚፈልጉትን በደጁ ሳለ ይጥለዋል፤ ስለ መጣሉም ይከፍላል።

ካህናቱም በዚህ ነገር ከወቀሳ ነፃ አይደሉም። የውጭውን ትምህርት ቤት ማማረር ቀላል ነው፤ ከትምህርት ሰዓት በኋላ በየደብሩ ፊደልና ንባብ፥ ቀጥሎም በጥሩ አማርኛ መጻፍን የሚያስተምር መምህር ማስቀመጥ ግን ሥራ ይጠይቃል። የንስሐ አባት ሆኖ በየቤቱ የሚገባ ካህን ልጁን በአማርኛ አናግሮት መልስ ያጣ እንደ ሆነ፥ ጠበል ረጭቶ ዝም ብሎ መውጣት አይገባውም፤ ለአባትየው በግልጥ ሊነግረው ይገባዋል። የተማረው የከተማ ሰውም በመጪው መስከረም የልጁን ስም ከማስመዝገቡ በፊት አንድ ማለዳ ሥራውን ትቶ ወደዚያ ትንሽ ትምህርት ቤት ይሂድ፤ ደብዳቤዎቹንም ያስጽፍ። ሁለቱም ደብዳቤዎች የተጻፉ እንደ ሆነ ልጁን ያለ ሥጋት ያስገባ፤ አንዱ ባዶ ወረቀት ሆኖ የተመለሰ እንደ ሆነ ግን ገንዘቡን በኪሱ ይዞ ወደ ሌላ ደጅ ይሂድ።