ራሰ በራው ጋጋኖና ፈላጊዎቹ

ወፍን ለመብላት ወይም በወጥመድ ለመያዝ ሳይሆን ለማየት ብቻ ብለው ባሕር ተሻግረው የሚመጡ ሰዎች እንዳሉ ሲነገር፥ ከእኛ ዘንድ ብዙው ሰው ይስቃል። መነጽር ባንገታቸው አንጠልጥለው በማለዳ ውርጭ ከሜዳ ዳር ቆመው፥ ያዩትንም በትንሽ ደብተር ሲጽፉ ያገኛቸው እረኛ «ምን ጠፍቶባቸው ነው?» ቢል አይፈረድበትም። ነገር ግን በእውነት የጠፋ ነገር የሚፈልጉበት ጊዜ አለ። ዛሬ ለአንባቢዎቻችን የምንተርከው እንዲህ ያለውን ፍለጋ ነው፤ የተፈለገበትም ስፍራ የገዛ ደጋችን ነው።

ወፉ ከጋጋኖ ወገን ነው። በአማርኛው ኦሪት ከማይበሉት ወፎች ጋር የተቈጠረውን ጋጋኖ የማያውቅ የደጋ ሰው የለም፤ ሲነጋ እየጮኸ ሲያልፍ የተኛውን ሁሉ ይቀሰቅሳል። ይህ የእኛው ጋጋኖ ከኢትዮጵያና ከኤርትራ በቀር በሌላ አገር አይኖርም። እንግዳው ግን ሌላ ነው። ርዝመቱ ከምንቃሩ እስከ ጅራቱ 75 ሳንቲሜትር ያህል ይሆናል። ላባው ጥቁር ሲሆን ፀሐይ ሲመታው አረንጓዴና ሐምራዊ ሆኖ ያብለጨልጫል፤ ራሱ ላባ የሌለበት ቀይ መላጣ ነው፤ ምንቃሩም እንደ ማጭድ ጎብጧል፤ ከማጅራቱም ረጃጅም ላባ እንደ አንበሳ ጎፈር ይወርዳል። መልከ መልካም ነው ለማለት አልደፍርም። ዘመዶቹ ብዙዎቹ በውሃ ውስጥ እየሄዱ ሲለቅሙ፥ እርሱ ደረቅ ምድርን ይመርጣል፤ በግጦሽ ሜዳ ላይ አፈሩን በምንቃሩ እየወጋ ትልና አንበጣ ይበላል።

በጥንት ዘመን ይህ ወፍ በኤውሮፓ፥ በአልፕ ተራሮች ይኖር ነበር። የስዊስ አገሩ ሊቅ ኮንራድ ጌስነር በኤውሮፓ አቈጣጠር በ1555 ዓመት ባሳተመው መጽሐፍ ከነሥዕሉ ገልጾታል። ሰዎች ግን ጫጩቶቹን ከጎጆ እያወጡ ስለ በሉ፥ ከዚያ በኋላ በአንድ መቶ ዓመት ገደማ ውስጥ ከዚያ አገር ጠፋ። የሚያስገርመው ነገር፥ ወፉ ከጠፋ በኋላ የመጡት ሊቃውንት ጌስነር ያላየውን ነገር ከልቡ ፈጥሮ የሣለ መሰላቸው። ሰው የገዛ አያቶቹ የበሉትን ተረት ነው ማለቱ ነው።

በኤፍራጥስ ዳር ባለችው በቱርክ ከተማ በቢሬጂክ ግን ክብር ነበረው። በየዓመቱ በየካቲት ወር ሲመለስ ሕዝቡ በዓል ያደርግለት ነበር፤ ኖኅ ከመርከብ በወጣ ጊዜ መንገድ የመራው ይህ ወፍ ነው ይላሉና። ይህም ክብር አላዳነው። ለተባይ መግደያ የተረጨው ዲዲቲ የሚባለው መርዝ ብዙዎቹን ፈጀ፤ ከዱር የቀሩትም የመጨረሻዎቹ በ1981 ዓመተ ምሕረት አለቁ። ከዚያ ወዲህ በምሥራቅ አገር ጨርሶ ጠፋ ተባለ፤ በዱር የሚታወቀው በሞሮኮ ባሕር ዳር ብቻ ሆነ።

በ1994 ዓመተ ምሕረት በሚያዝያ ወር ግን በሶርያ ምድረ በዳ፥ መጽሐፍ ሰሎሞን ሠራት በሚላት በተድሞር፥ ይኸውም በፓልሚራ አጠገብ፥ 7 አዋቂ ወፎች ተገኙ። ያገኛቸው ጃንሉካ ሴራ የተባለ የኢጣልያ ሰው ሲሆን፥ ወደ ስፍራው የመሩት በድንኳን የሚኖሩት የአገሩ ዘላኖች ናቸው። እኔ ከሁሉ ይልቅ ይህን እወዳለሁ፤ ሊቃውንቱ ጠፋ ብለው በመዝገብ የጻፉትን ያ እረኛ ሁልጊዜ ሲያየው ኖሮ ነበርና።

ወፎቹ ግን በሐምሌ ወር ከጎጆአቸው ተነሥተው እስከ የካቲት ወዴት እንደሚሄዱ ማንም አላወቀም ነበር። ስለዚህ በ1998 ዓመተ ምሕረት ሦስቱን ይዘው፥ በጀርባቸው በፀሐይ ኃይል የሚሠራ ትንሽ መሣሪያ አሰሩባቸው፤ መሣሪያውም ያሉበትን ስፍራ ሳተላይት ለሚባለው ሰው ሠራሽ ኮከብ ይነግራል። ስማቸውንም ሱልጣን፥ ሰላምና ዘኖብያ አሏቸው፤ ዘኖብያ ከሮማውያን ጋር የተዋጋችው የፓልሚራ ንግሥት ስም ነው። ሦስቱም ዮርዳኖስን፥ የሳዑዲ ዓረብን ምድርና የመንን አልፈው፥ ቀይ ባሕርን ተሻግረው፥ ከ3,000 ኪሎሜትር በላይ በርረው በኢትዮጵያ ደጋ ዐረፉ፤ ስፍራውም ከአዲስ አበባ ወደ ሰሜን ምሥራቅ 70 ኪሎሜትር ያህል ይርቃል። የቀበሌውን ስም ከዚህ መጻፍ አስፈላጊ አይደለም።

በኅዳር 1999 ዓመተ ምሕረት የኢትዮጵያ የዱር እንስሳትና የተፈጥሮ ታሪክ ማኅበር ሰዎች ከእንግሊዝ አገር የወፍ ጠባቂዎች ጋር ሆነው ፍለጋ ወጡ። ከዚያ በፊት ወፉ በኢትዮጵያ መታየቱ 30 ዓመት ለሚጠጋ ጊዜ አልተጻፈም ነበር። የሰማዩ ምልክት ወረዳውን ቢያሳይም፥ ከሜዳው ላይ ለይቶ ማግኘት የዓይን ሥራ ነው፤ የእኛው ጋጋኖ በመንጋ በሚሰማራበት አገር ጥቂት ጥቋቁር ወፎችን መፈለግ በጤፍ ክምር ውስጥ ዳጉሳ እንደ መልቀም ይቈጠራል። ሆኖም አገኟቸው። መሣሪያ ከታሰረባቸው ከሦስቱ ጋር መሣሪያ የሌለው አራተኛ ነበረ። ከከብቱና ከገበሬው መካከል ያለ ፍርሃት ይለቅሙ ነበር፤ የሚነካቸውም አልነበረም።

ጉዳቱ የደረሰው በሌላ ስፍራ ነው። ልጆቻቸው ከእናት አባታቸው ጋር እስከዚህ አይመጡም፤ ተለይተው በዓረብ ምድር ሲቀሩ አንዳንዱ በአዳኝ ጥይት፥ አንዳንዱም በኤሌክትሪክ ሽቦ ሞተ። አዋቂው አርጅቶ ሲሞት የሚተካው ጠፋ። በ2006 ዓመተ ምሕረት ወደ ፓልሚራ ጎጆ የተመለሰችው ዘኖብያ ብቻዋን ነበረች። በሚከተለው ዓመት በግንቦት ወር ጦርነቱ ከተማዪቱን ያዘ፤ ጠባቂዎቹም ሸሹ። በሞሮኮ ያሉት ግን በርትተው በ2010 ዓመተ ምሕረት ገደማ 700 ያህል ደርሰዋል፤ በቢሬጂክም በሰው እጅ የሚያድጉ አሉ፤ እነዚያን በየዓመቱ በሐምሌ ወደ ቤት ያስገቧቸዋል፤ ምክንያቱም ከሄዱ አይመለሱም።

ከአንባቢዎቻችን ከመስከረም እስከ ጥር ባለው ጊዜ ልጆቹን ይዞ ወደ ደጋው አገር የሚወጣ ሰው ቢኖር፥ መለያው ይህ ነው። የእኛው ጋጋኖ ሲበርር በክንፉ ላይ ነጭ ይታያል፤ በጉሮሮው ቀጭን ሥጋ ይንጠለጠላል፤ ዝምታንም አያውቅም። እንግዳው ክንፉ ሁለመናው ጥቁር ነው፤ ከጎጆው ርቆ ሲኖርም አይጮህም። መንጋው ሲነሣ ነጭ የሌለበት ዝምተኛ ከመካከሉ ቢታይ፥ ቀኑንና ስፍራውን ጽፎ ለተፈጥሮ ታሪክ ማኅበር ማስታወቅ ነው።