በሞተር ቅየራ ርካሹ ዕቃ ሞተሩ ነው

ሶማሌ ተራ ገብቶ ያገለገለ ሞተር የሚያፈላልግ የአሮጌ ቮልስ ባለቤት አስቀድሞ የሚጠይቀው የሞተሩን ዋጋ ነው። ተከራክሮ፣ አስቀንሶ ሲከፍል ሥራው በግማሽ ያለቀ ይመስለዋል። ይሁን እንጂ አዲስ ዘመን ሞተር በአሮጌ መኪና ላይ ሲገጠም ከሚወጣው ወጪ ሁሉ ቀላሉ ለሞተሩ የሚከፈለው ነው። በጀቱን በዚያ ዋጋ ላይ ብቻ የመሠረተ ሰው የዕቁብ ገንዘቡን ጨርሶ፣ የተፈታች መኪናውን ጋራዥ ግቢ ውስጥ ለዝናብ ትቶ መመለሱ አይቀርም።

ቅየራው ለምን እንደሚፈለግ ግልጽ ነው። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ ያረጁ መኪናዎችን ከውጭ ማስገባትን እጅግ አስወደደ። በ2016 ዓ.ም. መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከለከለ። በዚያው ዓመት ሐምሌ ወር የውጭ ምንዛሪ ተመን ለገበያ ሲለቀቅ ደግሞ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። በእጅ ያለችውን መኪና አድሶ መንዳት የብዙ ቤተሰብ አማራጭ የሆነው በዚህ ምክንያት ነው።

ችግሩ የሚጀምረው ሞተሩ ጋራዥ ሲደርስ ነው። የቮልስ ሞተር ከኋላ የተቀመጠ፣ በአየር የሚቀዘቅዝ፣ አራቱ ሲሊንደሮቹ ሁለት ሁለት ሆነው የተጋደሙ አጭር ሞተር ነው። እንደ ቪትዝ ካለች አነስተኛ ቶዮታ የሚወጣው ሞተር ግን ሲሊንደሮቹ በአንድ መስመር የቆሙ፣ በውኃ የሚቀዘቅዝና የፊት ጎማ ለመንዳት የተሠራ ነው። ስለሆነም ከቮልሷ ካምቢዮ ጋር የሚያገናኘው ብረት በቶርኖ ቤት በልክ መሠራት አለበት። ቮላኖውና ፍሪሲዮኑ መጣጣም አለባቸው። ሞተሩ ስለሚረዝም ከኋላ በኩል ብረት መቁረጥና መበየድ ይመጣል። ራዲያተር፣ ቬንትሌተርና ውኃ የሚያመላልስ ቧንቧ በአዲስ መልክ ይዘረጋል። ካርቡሬተር ስለሌለው ግፊት ያለው የቤንዚን ፓምፕ፣ ኮምፒውተርና ሙሉ የሽቦ መስመር ይጠይቃል። እስከ 1960ዎቹ (እ.ኤ.አ.) አጋማሽ ከተሠሩት ቮልሶች ብዙዎቹ 6 ቮልት በመሆናቸው የእነሱ ኤሌክትሪክ ከሥሩ ይለወጣል።

ከሁሉም የሚረሳው ፍሬን ነው። የ1200ዋ ቮልስ ሞተር ጉልበት 34 ፈረስ ብቻ ነበር። ፍሬኗም የተሠራው ለዚያው ጉልበት ነው። እጥፍ ጉልበት የጨመረ ሰው ፍሬኑን እንደነበረ ከተወ በጀት የቆጠበ ሳይሆን አደጋ የገዛ ነው። ከእንጦጦ ቁልቁል የሚወርድ ሰው የጨመረው ጉልበት ሳይሆን የሚይዝ ፍሬን ነው የሚያስፈልገው።

ገንዘቡ ምን እንደሚገዛም አስቀድሞ ማወቅ ይገባል። ከባሕር ወለል 2,300 ሜትር በላይ በሆነችው አዲስ አበባ አየሩ ስለሚሳሳ ተርቦ የሌለው ማንኛውም ሞተር ከጉልበቱ ሩብ ያህሉን ያጣል። ኮምፒውተር ያለው ሞተር ቤንዚኑን ከአየሩ ጋር ይመጥናል እንጂ የጎደለውን አየር አያመጣም። ስለዚህ ወረቀት ላይ የተጻፈውን ጉልበት በሙሉ አገኛለሁ ብሎ የሚከፍል ሰው ያልተገዛ ዕቃ እየቆጠረ ነው።

ሰነዱም ራሱን የቻለ ወጪ ነው። በሊብሬው ላይ ከሻንሲ ቁጥሩ ጋር የሞተር ቁጥሩ ሰፍሯል። የገቢ ሰነድ የሌለው ሞተር የገዛ ሰው ዓመታዊ ምርመራ ላይ፣ ይበልጡንም መኪናውን ሊሸጥ ሲነሳ፣ ቁጥሩ አልገጥም ብሎት ይጨነቃል። እንግዲህ ከሻጩ መጀመሪያ መጠየቅ ያለበት ዋጋው ሳይሆን ሰነዱ ነው።

መካኒኮች በበኩላቸው ሳይከፈት ዋጋ አይነገርም ይላሉ። አባባላቸው እውነትነት አለው። ነገር ግን ይህ ጨርሶ ዋጋ ላለመናገር ምክንያት ሊሆን አይገባም። የማገናኛው፣ የማቀዝቀዣው፣ የኤሌክትሪኩና የፍሬኑ ሥራ ለየብቻ ተከፍሎ፣ የዕቃውና የእጅ ዋጋው ተለይቶ በወረቀት ሊሰፍር ይችላል። ክፍያውም እያንዳንዱ ሥራ ሲያልቅ ቢሆን ሁለቱንም ወገን ከጭቅጭቅ ያድናል። ሞተሩም ከነኮምፒውተሩና ከነሽቦው ካልሆነ መገዛት የለበትም። በድምሩ ላይ ሩብ ያህል መጠባበቂያ መጨመር ደግሞ ብልህነት ነው።

ከዚያ በኋላ ይህ ድምር ከአንድ ሌላ ቁጥር ጎን ይቀመጥ፤ ይኸውም የራሷን ሞተር የማሳደሻ ዋጋ ነው። የቮልስ ሲሊንደሮች አንድ በአንድ የሚነቀሉ በመሆናቸው ከነፒስተናቸው በአዲስ ይተካሉ። የመጨረሻዋ ቮልስ እ.ኤ.አ. በ2003 ሜክሲኮ ውስጥ ብትመረትም መለዋወጫዋ ዛሬም በልዩ ልዩ አገሮች ይሠራል። ሊብሬው አይነካም፣ ብረት አይቆረጥም፣ ፍሬኑም ለሞተሩ አያንስም።

ሁለቱ ድምሮች ጎን ለጎን ሲታዩ ቅየራውን የሚመርጥ ሰው ይኖራል። ገንዘቡ የራሱ ነውና መብቱ ነው። ግን መጥኖ መደቆስ ቀድሞ ነው፤ ሞተሩ ከወረደ በኋላ የሚደረግ ሒሳብ በጀት ሳይሆን ዕዳ ይባላል።