ዘጠነኛ ክፍል ሲገባ ስልኩ ለምን ያጥራል?



ልጆቻችሁ ታናናሽ ሳሉ በደወላችሁ ቁጥር «የቤት ሥራህን ሠራህ?» ትላላችሁ። ፊደል ታስቆጥራላችሁ፤ ማባዛት በቃል ታስብላላችሁ። ልጁ ዘጠነኛ ክፍል ሲገባ ግን ጥያቄው «ብሩ ደረሰህ?» ብቻ ይሆናል። እዚህ ጀራዲያ ምክንያቱን ስጠይቅ የማገኘው መልስ አንድ ዓይነት ነው፤ «ትምህርቱ ከእኔ በላይ ሆነ፣ ሁሉም በእንግሊዝኛ ነው።»

እውነት ነው፣ በአገራችን ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት የሚሰጠው በእንግሊዝኛ ነው። ነገር ግን በአፍ መፍቻ ቋንቋው ሲማር ለቆየ ልጅም ቋንቋው ከባድ ነው። እናንተ ዝም የምትሉት እሱ በጣም በሚቸገርበት ሰዓት ነው ማለት ነው። ደግሞም ቀድሞ አሥረኛ ክፍል ላይ የነበረው አገር አቀፍ ፈተና ቀርቷል፤ ልጁ ወደ ኋላ መቅረቱ አሥራ ሁለተኛ እስኪደርስ ሳይታወቅ ሊቆይ ይችላል። በ2015 ዓ.ም. ከተፈተኑት 845 ሺህ ያህል ተማሪዎች መካከል ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.2 በመቶ ብቻ ነበሩ። በ2017 ዓ.ም. 8.4 በመቶ ደርሷል፤ እሱም ቢሆን ጥቂት ነው።

አሁን ደስ የሚለውን ልንገራችሁ። ናንሲ ሂልና ዳያና ታይሰን የተባሉ አሜሪካውያን ተመራማሪዎች በ2009 እ.ኤ.አ. በመካከለኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ስላሉ ልጆች የተደረጉ 50 ጥናቶችን አንድ ላይ መርምረው ነበር። ወላጅ የቤት ሥራ በማሠራቱ የተገኘው ጥቅም የሚያስተማምን አልነበረም። በብርቱ የጠቀመው ወላጅ ስለ ትምህርት ዋጋና ስለ ወደፊት ሕይወት ከልጁ ጋር መነጋገሩ፣ ከልጁ ምን እንደሚጠብቅም መንገሩ ነው። ይህ ደግሞ ፊዚክስ ማወቅን አይጠይቅም፤ በስልክም ይሆናል።

ስለዚህ «ተማርክ?» አትበሉት፤ «ተምሬአለሁ» ብሎ ይዘጋዋል። «ዛሬ ባዮሎጂ የተማርከውን በአማርኛ አስረዳኝ» በሉት። ማስረዳት ካቃተው እሱም አልገባውም። የስም ጠሪ መምህሩን ስልክ ቁጥር ያዙ፤ በየሴሚስተሩ አንድ ጊዜ ደውሉ። የወላጅ ስብሰባ ሲጠራ ማን እንደሚሄድ አስቀድማችሁ ወስኑ፤ አያት ካልቻሉ አጎት ወይም አክስት ይሂድ። ካርዱን ፎቶ አንስተው ይላኩላችሁ፤ በቃል የተነገረ ውጤት አትመኑ (ልጆች ናቸው፣ ይቀንሳሉ፣ ይጨምራሉ)።

ልጅቷ ሴት ከሆነች ውኃ መቅዳቱና ሊጥ ማቡካቱ በእሷ ላይ ብቻ እንዳይወድቅ ለእናታችሁ በአክብሮት ንገሯቸው። እናታችሁ ይቀየሙ ይሆናል፤ ቢሆንም ንገሯቸው። ውድ ሞባይል መላኩን ግን እኔ አልደግፍም። በዚያ ገንዘብ የሰፈር አስጠኚ ቢቀጠር ይሻላል።

ሪያድና አዲስ አበባ ሰዓታቸው አንድ ነው። ከማዳም ቤት ሥራ የምታበቁት ልጁ ከተኛ በኋላ ከሆነ ድምፅ ቀድታችሁ ላኩለት፤ ጠዋት ደብተሩን ይዞ ከመውጣቱ በፊት ይሰማዋል።