የንጉሥ መቃብርና የተሳላሚ ዐፅም

ለሙታን የሚሰጥ ክብር የሕያዋን ልብ የሚመዘንበት ሚዛን ነው። የነገሥታትን መቃብር ማክበር ግን አያስቸግርም፤ ለንጉሥ በሕይወቱም ሳለ ሰግደንለታልና። ሚዛናችን የሚታወቀው ስሙ በማይታወቅ ሰው ዐፅም ላይ ነው።

ከሲሪንቃ ተነሥቶ በወልድያ በኩል ወደ ላስታ የሚወጣ ተሳላሚ፥ ላሊበላ ከደረሰ ይምርሐነ ክርስቶስንም ሳይሳለም መመለስ አይወድም። በዋሻ ውስጥ፥ ድንጋይና እንጨት እየተፈራረቀ የታነጸው ይህ ቤተ ክርስቲያን ከቅዱስ ላሊበላ በፊት በነገሠው በቅዱስ ይምርሐነ ክርስቶስ ስም ይጠራል፤ መቃብሩም በዚያው ዋሻ ነው። የንጉሡ መቃብር ጨርቅ ለብሷል፤ ምእመናንም በፍርሃት ይሳለሙታል። ከቤተ ክርስቲያኑ በስተኋላ ግን የብዙ ሰዎች ዐፅም ለዓይን ተገልጦ ይታያል። እነዚህ በትውፊት እንደሚነገረው ከሩቅ አገር፥ ከግብፅና ከሶርያ ሳይቀር፥ መጥተው በዚያ ያረፉ ተሳላሚዎች ናቸው። የዛሬ ጐብኚ በንጉሡ መቃብር ፊት ድምፁን ዝቅ አድርጎ ከቆመ በኋላ፥ ወደ እነዚህ ዘወር ሲል ፎቶግራፍ ማንሻውን ያወጣል። የምንቃወመው ይህን ነው።

«ዐፅም ሞትን ያስታውሳልና ይታይ» የሚሉ አሉ። ሞትን ያስታወሰ ሰው ግን ይጸልያል እንጂ ከራስ ቅል አጠገብ ቆሞ ፎቶግራፍ አይነሣም። «የቅዱሳንስ ዐፅም ይወጣ የለምን?» የሚሉም አሉ። እርሱ የሚወጣው በጨርቅ ተጠቅልሎ፥ በዕጣንና በዝማሬ ታጅቦ ነው። «ጐብኚ ገንዘብ ያመጣል» ለሚሉትም መልሱ አጭር ነው፤ የሕንፃው ጥበብና የጣራው ጌጥ ጐብኚን ለመጥራት ይበቃል።

ጦቢት የወገኑን ሬሳ ለማንሣት ማዕዱን ትቶ ተነሣ። በሲሪንቃም ሆነ በመርሳ ሰው ሲሞት ቅሬው ይወጣል፤ ድኻ ነው ተብሎ ያለ መግነዝ አይጣልም። ታዲያ ለጐረቤቱ ይህን የሚያደርግ ሕዝብ፥ እግዚአብሔርን ብሎ ለመጣ እንግዳ እንዴት ይህን ይነፍገዋል?

ያላረፈ ዐፅም ልብን እንደሚያቃጥል እኛ ሳናውቅ ቀርተን አይደለም። በ1967 ዓ.ም. የሞቱት ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በመንበረ ጸባዖት ቅድስት ሥላሴ ካቴድራል በክብር የተቀበሩት በ1993 ዓ.ም. ነው። የዐፄ ቴዎድሮስ ልጅ ልዑል ዓለማየሁም በ1860 ዓ.ም. ከዚሁ ከወሎ ምድር፥ ከመቅደላ ተወስዶ፥ በ1872 ዓ.ም. በእንግሊዝ አገር ሞቶ በዊንዘር ተቀበረ። ዐፅሙ ይመለስ ስንል በ2015 ዓ.ም. ከእንግሊዝ ቤተ መንግሥት የተሰጠው መልስ፥ በአጠገቡ ያረፉ የሌሎች ሙታን ዕረፍት ይታወካል የሚል ነበር። መልሱ አላረካንም፤ ሊያረካንም አይችልም። ምክንያቱ ግን ሊያሳፍረን ይገባል። እነርሱ ስለ ጐረቤት መቃብር እንሳሳለን ሲሉ፥ እኛ በገዛ ዋሻችን ያረፉትን እንግዶች ለመታያ አድርገናል። የልዑሉን ዐፅም ከባሕር ማዶ የሚጠይቅ አፍ፥ በአገሩ ስላለው የድኻ ዐፅም ዝም ሊል አይገባውም።

እንግዲህ ለእነዚያ ተሳላሚዎች መጋረጃ ይጋረድላቸው፤ ፎቶግራፍ ማንሣት ይቅር፤ በዓመት አንድ ቀንም ጸሎተ ፍትሐት ይድረስላቸው። ጐብኚም በንጉሡ ፊት ያወለቀውን ጫማ በእንግዶቹም ፊት ያውልቅ። ስማቸውን እግዚአብሔር ያውቀዋል፤ ክብራቸውን መጠበቅ ግን የእኛ ዕዳ ነው።