ራሱን የማይረሳ ደግነት

እኛ ሰው መንከባከብ ሥራችንም ኑሯችንም የሆነ ሰዎች ነን፤ ነርሶች፣ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች፣ የታመመ ወላጅ የምናስታምም ልጆች። «እንደ ሻማ ቀልጦ አበራ» የሚባልበት ሙገሳ ዘመኑ አብቅቷል። የቀለጡትን አይተናል፤ መጀመሪያ እንቅልፋቸው፣ ቀጥሎ ትዕግሥታቸው፣ በመጨረሻም ርኅራኄያቸው አለቀ። ዕዳውን የከፈሉት ብቻቸውን አይደለም፤ በቁጣ የተመለሰው ሕመምተኛም አብሯቸው ከፍሏል።

ደግነት አንድ ነው ብለን እናምናለን። ለራሱ የነፈገውን ለሌላው የሚሰጥ ሰው ውሎ አድሮ ስጦታው ግዴታ፣ ግዴታውም ምሬት ይሆንበታል። በራሱ ስሕተት ላይ የማይጨክን ግን በሌላው ድካም ላይ ለመፍረድ አይቸኩልም።

አገራችን ይህን ድሮም ታውቀዋለች። ለአራስ ገንፎ የሚገነፋው፣ አጥሚት የሚፈላው፣ ጎረቤት ውኃ የሚቀዳላት የምታጠባ እናት መብላትና ማረፍ ስላለባት ነው። ራስ ወዳድ ያላት የለም። ይህን ወግ ከአራስ ቤት አውጥተን ለሚሰጥ ሁሉ እናደርሰዋለን።

እ.ኤ.አ. ከ2003 ጀምሮ በየገጠር ቀበሌው ቤት ለቤት የሚዞሩትን የጤና ኤክስቴንሽን ሴቶች እናስባለን። አንዷ ዳገቱን ወጥታ አራሷ ቤት ትደርሳለች። ጃንጥላዋን አጥፋ፣ መዝገቧን ጉልበቷ ላይ ዘርግታ «በደንብ ብይ፤ ዕረፊ» ትላለች። እሷ ግን ከጠዋት ጀምሮ እህል አልቀመሰችም። ምክሯ ትክክል ነው፤ ለእሷም ይገባታል። የምንገነባው ሥርዓት መካሪዋንም የሚጠይቅ ነው፦ «አንቺስ በላሽ?»

የዓለም ሐኪሞች ማኅበር እ.ኤ.አ. በ1948 ያጸደቀው የጄኔቫ ቃል ኪዳን በ2017 ሲሻሻል፣ ሐኪሙ የላቀ ሕክምና ለመስጠት የራሱንም ጤና እንዲጠብቅ የሚል ቃል ተጨምሮበታል። ለሐኪም የታወቀው እውነት ለአስታማሚ እናት የሚከለከልበት ምክንያት የለም።

ዕረፍትን ለግለሰብ ብርታት አንተወውም፤ የጋራ ሥርዓት እናደርገዋለን። ለሐዘን ድንኳን የሚተክለው እድር ለአስታማሚም ይደርሳል፤ በአባቷ አልጋ አጠገብ ለከረመች ልጅ የሌሊት ተረኛ ይመድባል። ሕመምተኛ የሞተበት ነርስ ወደ ቀጣዩ አልጋ ከማለፉ በፊት አረፍ የሚልበት ወንበርና የሚያዳምጠው ባልደረባ ያገኛል። «ደክሞኛል» ያለች ሠራተኛ ስሟ ከሰነፎች ጋር አይጻፍም፤ ተተኪ ይጠራላታል።